ከዲስኩ ራስጌ የተቀመጡት ሽማግሌዎች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፣ የተሰደደ ሰው የለበትም፣ በሬዲዮ የተነገረ ነገርም አይደለም። አንድ ቁጥር ከማይበቃው ቦታ ገብቶ ያደረሰው ጉዳት ነው። አንዳንዴ ለጎረቤቶቼ ላወራው እጀምርና ገና ሳልጨርስ “ሙኒራ፣ አሁን ኮምፒውተር ነው እንዲህ የሚያስተክዝሽ?” ይሉኛል፤ እኔም አፍሬ እተወዋለሁ። መምህራችን ግን ባለፈው ሳምንት በክፍል ውስጥ ጥቂቱን ሲሰሙ “ለመጽሔታችን ጻፊውና አምጪው” አሉኝ። እሺ ብያለሁ። እሺ ካልኩ ደግሞ በደንብ መጻፍ አለብኝ።

እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ ግን ከክፍል ጓደኞቼ እናቶች ዕድሜ ይበልጣል። ቅዳሜና እሑድ ከቡታጅራ ተነሥቼ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ልጆቹ “ማዘር” ይሉኛል፣ ከፊት ወንበር ይለቁልኛል፣ ማስታወሻዬን ይዋሳሉ። ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ትምህርት የተሰጠ ቀን ዝናብ ጥሎ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ የኮምፒውተር ክፍሉ ማሽኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡና አቧራው ሲሞቅ የሚወጣው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ያ ሽታ የወንድሜ ሱቅ ሽታ ነው። ገና እሱን እያሸተትኩ ሳለ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሣጥንና ትንሽ ሣጥን ሣሉና “ትልቅ ቁጥር ትንሹ ውስጥ ብታስገቡ ምን ይሆናል?” ብለው ጠየቁ። ከኋላ አንዱ “ይፈሳል!” አለና ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብለው፣ “ቢፈስማ ጥሩ ነበር፣ እናየው ነበር። አይፈስም። ከላይ በኩል ያለው ይቆረጥና የቀረው ደህና ቁጥር መስሎ ሥራውን ይቀጥላል” አሉ። ብዕሬ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልጻፍኩም፤ በልቤ ቡታጅራ ተመልሼ ነበር።

ያኔ የወንድሜ የሸምሱ ቪዲዮ ቤት መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጫማ ሰፊዎቹ ጀርባ ነበረ። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ያኔ በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነበር፤ በላዩ ላይ አንድ ሠዓሊ ካሜራ ሥሎበት፣ ካሜራው ፍየል ስለሚመስል የሰፈሩ ሰው “ፍየሉ ጋ እንገናኝ” ይባባል ነበር። ባጃጅ ገና የገባበትና ከጋሪ ጋር መንገድ የሚጋፋበት ዘመን ነው። ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ሰው የላስቲክ ቦት ጫማውን በራችን ላይ አውልቆ በካልሲ ይገባል። የከተማው ወጣት በነጭ ክር የተሰፋ ጅንስ ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል። አንድ ዘፈን በአንድ ብር እንጭናለን፤ ዐሥር ብር ለሰጠ “ግጥም አድርጊልኝ” የሚለውን እስኪበቃው እሞላለታለሁ። ከመናኸሪያው በኩል የወያላዎቹ ጥሪ፣ ከእኛ በኩል ፈጣኑ የጉራጊኛ ዘፈን፣ ከመስጊዱ አዛን፤ ሁሉም በየተራው ሌላውን ዝም ያሰኛል። ሸምሱ አዛን ሲሰማ ድምፁን የሚዘጋበት ፍጥነት እስካሁን ይገርመኛል፤ የትም ጥግ ቢሆን ይደርሳል።

የእኛ ዋና ሥራ ግን ሠርግ ነበር። ሙሽራው በኪራይ ሱፍ፣ እጅጌው ጣቱን ሸፍኖት፣ ከፏፏቴ ሥዕል ፊት ይቆማል። ቪዲዮው ላይ ቀይ ልቦች እንበትናለን፣ ነጭ ወፎች እናበራለን። ለዓረፋና ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ካሜራ ካልተቀረጸ በዓሉን ያከበረ አይመስለውም ነበር። መቼም የሄደ ሁሉ በእነዚህ በዓላት ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ሽማግሌዎቹን አስመርቆ መሄድ አለበት። ስለዚህ በሸምሱ ካሴቶች ውስጥ ከጭፈራው ይልቅ ብዙ ቦታ የያዘው ምርቃት ነው። ከትከሻ ላይ የሚቀመጠውን ከባዱን ካሜራ ይዞ በቸሃና በአገና የእግር መንገድ እየዞረ ለብዙ ዓመታት የቀረጸው ነው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ሞተዋል። የቀሩት ካሴቶቹ ናቸው።

ካሴቶቹም በጣሪያው ፍሳሽ መሻገት ጀመሩ። ያኔ ነው ኢዮብን ያገኘነው። ኢዮብ የወልቂጤ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ በአባቱ የእንጨት ሥራ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተጣሉ ማሽኖችን እያዋሐደ ይሠራል። ትልልቅ ሃርድ ዲስኮችን በአንድ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ከአሮጌ ማሽን በነቀለው ካርድ አያይዞ፣ እንደ አንድ ዲስክ አድርጎ ሰጠን። ያን ካርድ የሚያሠራ ነገር በየትም ስለማይገኝ፣ በነጻ በሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የትኛው መረጃ በየትኛው ቁጥር ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ለማሽኑ የሚነግረውን ኮድ ራሱ ነበር የሠራው። እኛ ስሙን “ቋቱ” አልነው። ሸምሱ በባዶው ቋት ፊት ቆሞ ያለው ነገር ትዝ ይለኛል።

“በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይግቡ።”

“ምን ልዩነት አለው?” አለ ኢዮብ። “ማሽኑ አያውቃቸውም እኮ።”

“እኔ አውቃቸዋለሁ። በድግስ ላይ ሽማግሌ ሳይመርቅ ሥጋ ተቆርጦ ያውቃል? ከራስጌው እነሱ ይቀመጡ፣ ጭፈራው ከኋላ ይምጣ።”

እንዲያው ሆነ። የሞቱት ቀደሙ፣ በሕይወት ያሉት ተከተሉ። ከሞቱትም ሁሉ በፊት፣ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ ሸምሱ የእኛን አባት አስቀመጠ፤ በሸምሱ ሠርግ ላይ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ። “ቢስሚላህ” ብሎ ቁልፉን የተጫነው ሸምሱ ነው። ያን ቀን ኮካ ገዝቶ አጠጣን። ሽማግሌዎቹ ከሻጋታ ዳኑ ብለን፣ ካሴቶቹን ከቤት አውጥተን ጣልናቸው።

ቋቱ ለረጅም ጊዜ ያለ አንዳች ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ መስቀል መጣ፤ ሰው እንደ ጉድ የጎረፈበት መስቀል። ካሜራዎቹም አድገው የሚቀርጹት ምስል ብዙ ቦታ የሚበላ ሆኖ ነበር። የቀረጽነውን ሁሉ ቋቱ ውስጥ ከተትነው፤ ሲከፈት ጥርት ብሎ ይታያል፣ ደንበኛ ተደስቶ ይሄዳል። ምንም አልጠረጠርንም።

ኅዳር ላይ እማማ ወርቄ ከአገና መጡ። እማማ ወርቄ የአቶ ኬርጋ ሚስት ናቸው። አቶ ኬርጋ የታናሽ እኅታቸውን ሠርግ መርቀው፣ ሸምሱ ቀርጿቸው፣ በዚያው ዓመት ክረምት ሞቱ። ልጃቸው ምሕረት ያኔ በጀርባ የምትታዘል ነበረች። የአባቷን ድምፅ አታውቅም። ቤታቸው የነበረውን ካሴት ማጫወቻው ስለበላው፣ የአቶ ኬርጋ ድምፅ በዓለም ላይ የቀረው በእኛ ቋት ውስጥ ብቻ ነው።

“ሰላም ለዚህ ቤት” አሉ እማማ ወርቄ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

“እንኳን ደኅና መጡ እማማ፣ ይግቡ፣ ጫማዎትን አያውልቁ” አለ ሸምሱ።

“ምሕረት ጥር ላይ ታገባለች ልጄ። አጎቶቿ እኛ እንመርቃለን ይላሉ። እሷ ደግሞ አባቴ ይመርቀኝ አለች። እውነቷን ነው። አንተ ጋ አለ አይደል?”

“እንዴታ! ከነሸማው።”

ሸምሱ ወንበር አቀረበላቸው፣ ስክሪኑን አዞረላቸው፣ “አቶ ኬርጋ፣ አገና” የሚለውን ስም ከፈተ። በቢጫ ቲሸርት የተሰለፉ ወጣቶች ብቅ አሉና ይጨፍሩ ጀመር። የዚያ ዓመት የመስቀል ጭፈራ ነው፤ እኔ ራሴ የቀረጽኩት።

እማማ ወርቄ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። “እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?”

“ተሳስቼ ነው እማማ፣ ይታገሡኝ” አለ ሸምሱ። ዘግቶ ከፈተ። ስሙ ትክክል ነው፣ ወጣቶቹም እነዚያው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ያለውን ሽማግሌ ከፈተ፤ ቢጫ ቲሸርት። ከዚያም በፊት ያለውን ከፈተ፤ ቢጫ ቲሸርት፣ አሁን ደግሞ እስክስታ ላይ ናቸው። ከዚያ እጁ ወደ መጀመሪያው ስም ሄደ፣ ወደ አባታችን። ገና ምስሉ ሳይመጣ ከበሮው ተሰማ። ሸምሱ ተነሥቶ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው።

“ስሙ በሩ ላይ አለ” አሉ እማማ ወርቄ ቀስ ብለው። “ቤቱን ግን አከራይታችሁበታል።”

ቁጣ አልነበረበትም። እኔ ግን ያን ንግግር ዛሬም ድረስ ሳስታውስ የምገባበት ይጠፋኛል።

ለኢዮብ ስንደውልለት “ነቅላችሁታል? እንዳታበሩት!” አለ። “ማሽኑ ሲበራ ብቻ እንኳ የራሱን ነገር ይጽፋል። የሚጽፈው ደግሞ እነሱ ላይ ነው። ባበራችሁት ቁጥር ይበላቸዋል።” ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን እንዳናይ፣ ዲስኮቹን አንድ አድርጎ የሚያነባቸው ያ ካርድና ያ ኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮዱ ሳይስተካከል ሣጥኑ መከፈት የለበትም። በሣጥኑ ውስጥ አቶ ኬርጋ ይኑሩ አይኑሩ ማንም አያውቅም። ሠርጉ ጥር ላይ ነው።

ቋቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ ወልቂጤ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሸምሱ ሱቁን ትቶ መሄድ አልቻለም። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ወያላው ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

“እህት፣ ዕቃውን ላይ ልጫንልሽ።”

“አይሆንም፣ ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው።”

“ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍሽው?”

አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። “ሽማግሌዎች ናቸው።”

“ኧረ ወንበር ልቀቁላቸው ጎበዝ! ሽማግሌ ቆሞ አይሄድም!” አለና መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዘቢዳር ጭጋግ ለብሷል። የእንሰቱ ቅጠል ከዝናቡ በኋላ ያበራል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው የሾፌሩን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ እያየ “ሁሉም ዜሮ ነው እንዴ? አዲስ መኪና ናት ለካ!” አለው። ሾፌሩም “ትናንት ነው ከጉምሩክ የወጣችው” ሲለው፣ ከኋላ አንዲት ሴት “ከጉምሩክ ሳይሆን ከሙዚየም ነው የወጣችው” አለች። መቁጠሪያው ሞልቶ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነው። ያኔ ለእኔ ቀልድ ብቻ ነበር። ሚኒባሱ አገና ላይ ሲቆም እማማ ወርቄ ሠርግ የሚደግሱበት ሰፈር ከገበያው ባሻገር ይታያል። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩት።

ኢዮብ የተቀበለኝ የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ነው። አባቱ ከውጪ መዝሙር እያንጎራጎሩ ሳንቃ ይልጋሉ። ዛሬ ያ ቤት መድኃኒት ቤት ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን የጥዱ ሽታ ይመጣብኛል። ኢዮብ ሸሚዙ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። ኮዱን ከፍቶ ለብዙ ሰዓት ካነበበ በኋላ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ።

“አገኘሁት” አለ። የተደሰተ አይመስልም።

“ምን ሆኖ ነው?”

“ዲስኩ ላይ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። እዚህ ጋ ቁጥሩን በሰፊው ዓይነት መያዣ ነው የያዝኩት፣ ስለዚህ ይበቃዋል። ወደዚህ ሲያልፍ ግን የሚቀበለው ጠባቡ ዓይነት ነው። ዲስኩ ግማሽ ሳለ ጠባቡም ይበቃ ነበር። ከዚያ ሲያልፍ...” ቃል ፈለገ።

“ወደ ዜሮ ይመለሳል” አልኩት። የሾፌሩ መቁጠሪያ ዓይኔ ላይ መጥቶ ነበር።

“አዎ። ወደ መጀመሪያው። ማሽኑ ከመጨረሻው አጠገብ የጻፈ መስሎት ከራስጌው ላይ ይጽፋል። ሲያነብም በዚያው በተሳሳተ ቁጥር ስለሚያነብ አዲሱ ቪዲዮ ደኅና ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው ያላወቃችሁት።”

ከራስጌው ላይ። ያን ቃል ሲናገር ሁለታችንም የሸምሱን ንግግር አሰብን፤ አንዳችንም አላነሣነውም። ሽማግሌዎቹን ከኋላ ብናስቀምጣቸው ኖሮ ጭፈራው በጭፈራ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ማንም ለቢጫ ቲሸርት አያለቅስም። እነሱን ያከበርንበት ቦታ ነው ያጠፋቸው።

ኢዮብ ቀጠለ። “ኮዱን ስሠራ ማሽኑ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሰፊው ጠባቡ ውስጥ እየገባ ነው ብሎ። ማስጠንቀቂያው ብዙ ስለሆነብኝ እንዳያሳየኝ ዘጋሁት። ሁሉም ሰው ይዘጋዋል።” አባቱ ከውጪ መዝሙሩን አቆሙ፤ ወይ ሰምተዋል፣ ወይ ሳንቃው አልቋል።

ያን ቀን ሳይመሽ የዘጋውን መልሶ ከፍቶ አንዱን ቦታ አስተካከለና ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ሸምሱ ስልክ ላይ ሆኖ “በቃ አብሩት!” ይላል። ኢዮብ ግን እምቢ አለ። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሆኖ ትልቅ ዲስክ የሚመስል ነገር ሠርቶ፣ ከወሰኑ በላይ ጽፎ፣ መጀመሪያውን ከፍቶ አየ። የጻፈው እዚያው መጀመሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።

“ለካ አላስተካከልኩትም” አለ። “ሰፊውን በግድ ጠባብ ሁን ብዬ ማሽኑን አፉን ነው ያስያዝኩት።”

ከዚያ ረጅሙ ሥራ ተጀመረ። ቁጥሩ ከሚገባበት በር ጀምሮ ዲስኩ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸውን እጆች ሁሉ መከተል ነበረበት። አንዱ ቦታ ሰፊ ያደርገዋል፤ ያ ሲሰፋ ቀጣዩ ጠባብ ሆኖ ይገኛል፤ እሱን ሲያሰፋ ሁለት ቁጥር የሚባዛበት ቦታ ላይ ብዜቱ አስቀድሞ በጠባቡ ተሠርቶ፣ ከተቆረጠ በኋላ ሰፊው ውስጥ ሲቀመጥ ይገኛል። እንዲህ ያለው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላየው ሰው ሰፊ ነው። ዓይኑ ሲደክም እኔ መስመሩን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ ትርጉሙን አላውቅም፣ ፊደሉን ግን አውቃለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ “ቁሚ። እሱን ድገሚው” ይለኛል። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ እንዲህ ሠራን። መብራት ሲጠፋ ደጅ ቁጭ ብለን በቆሎ እንበላለን። ትርጉሙን ቀስ በቀስ መጠየቅ ጀመርኩ። ዛሬ የተማሪ መታወቂያ አንገቴ ላይ ካለ፣ የጀመረው እዚያ ደጅ ላይ ነው።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ሸምሱ ራሱ ወልቂጤ መጣ። ዐይኑ ቀልቷል።

“ኢዮብ፣ ሠርጉ ደርሷል። ድንኳኑ ተከራይቷል። እማማ ወርቄ ሰው እየላኩ ነው። ምን እላቸዋለሁ?”

“ገና ነው ይበሏቸው ጋሼ።”

“ገና! ገና! አንተ የሠርግ ቪዲዮ ቀልድ ነው የሚመስልህ?”

“ጋሼ ሸምሱ፣ ዛሬ ባበራውና አንድ ቦታ ቀርቶኝ ቢሆን፣ የተረፈውንም እበላዋለሁ። ከዚያ በኋላ ‘ገና’ የምንለው ነገር የለም። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ሶኬቱ ያው።”

ሸምሱ ሶኬቱን አየው፣ ሣጥኑን አየው። ሄዶ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ስለ አባታችን አንድም ቃል አልጠየቀም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠይቆ አያውቅም።

ባዶው ዲስክ ከወሰኑ አልፎ ተጽፎበት መጀመሪያው ሳይነካ የቀረበት ቀን ደረሰ። ኢዮብ ደግሞ ደጋግሞ ሞከረው፤ እንደገናም አልነካውም። ያን ጊዜ ሸምሱንም ጠራውና ሶኬቱን ሰጠኝ። “አንቺ ሰኪው” አለኝ፤ ሰካሁት።

የመስቀሉ ቪዲዮዎች አልከፈት አሉ። ኮዱ አሁን በትክክለኛው ቁጥር ስለሚፈልጋቸውና እዚያ ምንም ስላልተጻፈ ነው። ኢዮብ ይህን ያውቅ ነበር፤ አሮጌውን የተሳሳተ ኮድ ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ እንዳይችል አድርጎ አስቀምጦት ስለነበር፣ በኋላ በእሱ አወጣናቸው። ስሕተቱን ለአንድ ቀን ሥራ እንደመቅጠር ነው። ደንበኛ አልከሰሰንም። ሽማግሌዎቹ ግን በጭፈራው ተሸፍነው ቀርተዋል። አንድ በአንድ ከፈትናቸው፤ ቢጫ ቲሸርት፣ ቢጫ ቲሸርት። አቶ ኬርጋ ላይ ስንደርስም ከበሮው መጣ። ሸምሱ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል ኢዮብ ቪዲዮውን ወደፊት ገፋው። ጨፋሪዎቹ ተሰበሩ፤ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነው በስክሪኑ ላይ ተበተኑ። ከመካከላቸው አንድ እጅ፣ ቀጥሎ የነጭ ጋቢ ጫፍ፣ ቀጥሎ የአቶ ኬርጋ ፊት ወጣ።

ጭፈራው በሽማግሌዎቹ ላይ እየተጻፈ ሲመጣ እሳቸው ላይ ደርሶ ነው የቆመው። ሶኬቱ በተነቀለበት ቅጽበት ምርቃታቸው መካከል ላይ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሁሉ ጠፍተዋል፤ ከእሳቸው በኋላ ያሉት ተርፈዋል።

ሠርጉ አገና ላይ ሰማያዊ ሸራ በተወጠረበት ድንኳን ነበር። ሸምሱ ድምፅ ማጉያውን ተከለ፣ እኔ ስክሪኑን ያዝኩ። ምሕረት በነጭ ቬሎ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አቶ ኬርጋ ከቃል መሐል ጀመሩ። ምርቃቱ በእዣ ጉራጊኛ ስለሆነ እኔ የምሰማው ከፊሉን ነው፤ ደጅሽ ከእንግዳ አይጉደል፣ የዘራሽው ይያዝልሽ፣ ይሉ ነበር። በቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰው “አሜን” ሲል የድንኳኑ ሰው ዘግይቶ “አሜን” ይላል፤ መጀመሪያውን ስላልሰሙ የት ላይ እንደሚሉ አላወቁም። ቀጥሎም አለቀ። አጭር ነበር። ምሕረት ቀና ብላ እናቷን አየች።

“እማዬ፣ ከዚህ በፊት ምን ብሎ ነበር?”

እማማ ወርቄ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። “ድሮ በቃሌ ነበረኝ” አሉ። “እነ ሸምሱ ጋ አለ ብዬ ተውኩት።”

ሙሽራዋ ራሷን ነቀነቀች። “ድምፁ እንዲህ ወፍራም መሆኑን አልነገርሽኝም” አለችና እጇን በፊቷ ላይ አደረገች። ምግብ እንድንበላ ለመኑን። ሸምሱ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ አልጎረሰም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። ሱቁ ፈረሰ፣ ካሴት ምን እንደሆነ የማያውቅ ትውልድ መጣ፤ ኢዮብም ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ በበዓል ይደውላል። ሸምሱ አርጅቷል፤ ቋቱ ግን መኝታ ቤቱ ውስጥ አለ፣ በሥራም ላይ ነው። ከሁሉም በላይ “አባባ” የሚለው ስም አለ። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ቲሸርት ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው ስለተቀመጠ ምንም አልተረፈለትም። ብዙ ጊዜ “ላጥፋው?” ብዬዋለሁ። “ተዪው” ይለኛል። አንድ ቀን በር ሳላንኳኳ ብገባ ከፍቶት አገኘሁት። ድምፁን ዘግቶ ጨፋሪዎቹን ያያል፤ ከሥራቸው የሆነ ነገር ብቅ የሚል ይመስል፣ ወደፊት እየገፋ።

ያን ትምህርት ተምሬ ከጉብሬ በተመለስኩበት ሰሞን ለሸምሱ ነገርኩት፤ ትልቁን ሣጥንና ትንሹን ሣጥን ሣልኩለት። የተጻፈበት ቦታ ከሥሩ አሮጌውን ይደብቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አይደብቅም አልኩት። እርግጠኛ መሆኔንም ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ መምህሩንም ደግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። መነጽሩን አወለቀ።

“እንግዲያው አጥፊው” አለኝ። “አባባ ጭፈራ አይወድም ነበር። ይውጡለት።”

አጠፋሁት። ባለፈው ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን፣ ዓርብ፣ ሸምሱ ከጁምዓ እንደተመለሰ ነበር።